ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ «አወቅኸኝ?» ለምን አይጠየቅም

ድሬዳዋ ላይ የታመመ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ብቻውን አይሆንም። ጎረቤቱ፣ የዕድሩ ሰው፣ የበርጫ ጓደኛው፣ ከሐረር የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ የመጣው ዘመድ ሁሉ ይከበዋል። ስትሮክ የመታው ወይም ባጃጅ ገልብጦት ጭንቅላቱ የተጎዳ ከሆነ ደግሞ ሁሉም በየተራ አንድ ጥያቄ አለው፤ «አቦ፣ አወቅኸኝ? እስቲ ማነኝ?» በሽተኛው ፊቱን አተኩሮ ያያል፣ ይገምታል፣ የእህቱን ልጅ በሟች ወንድሙ ስም ይጠራዋል። «አይ፣ ተሳሳትክ፣ ደግመህ አስብ!» ይባላል። ደግሞ ይገምታል። ማታ ቤተሰቡ «ዛሬ ሦስት ሰው አወቀ፣ አራቱን ሳተ» እያለ ይቆጥራል።

ይህን የሚያደርገው ፍቅር ነው፤ ውጤቱ ግን ጉዳት ነው። ጤነኛ ሰው ሲሳሳት ሁለት ነገር ይይዛል፤ የተናገረውንና መሳሳቱን። የማስታወስ ችሎታው የተጎዳ ሰው መታረሙን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል፤ ከአፉ የወጣው የተሳሳተ ስም ግን ዱካውን ትቶ ይቀራል። ነገ ያንኑ ፊት ሲያይ ቀድሞ የሚመጣለት ያው የትናንቱ ስህተት ነው። አለን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ማስታወሳቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች እየገመቱ ከተማሩት ይልቅ፣ መልሱ ቀድሞ ተነግሯቸው ስህተት እንዳይሠሩ ተደርገው የተማሩት የበለጠ ያዘላቸው። ዘዴው «ያለ ስህተት መማር» ይባላል። ወደ ቤት ሲመጣ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ጠያቂው ገና ከበር ሲገባ «እኔ አህመድ ነኝ፣ የእህትህ ልጅ» ብሎ ራሱን ያስተዋውቅ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር ለሽማግሌውም «አንተ» ብንል የሚቀየመን የለም።)

የጭንቅላት ማገገሚያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማስታወስን እንደ ጡንቻ ማሠራት ነው። ስልክ ላይ ጨዋታ ይጫናል፣ ቁጥር ይሸመደዳል፣ መስቀለኛ ቃላት ይሞላል። ሰውየው በጨዋታው ይሻሻላል፤ መድኃኒቱን ግን እንደ ድሮው ይረሳል። ከኑሮ የተነጠለ የኮምፒዩተር ልምምድ የዕለት ተዕለት ትኩረትን ስለማሻሻሉ ማስረጃ ስለታጣለት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታደሰው ዓለም አቀፍ የአንጎል ጉዳት ማገገሚያ መመሪያ በእሱ ላይ መተማመንን አይመክርም። «ለአንጎል ማጠናከሪያ» ተብለው የሚሸጡት ክኒኖችም ከዚህ የተሻለ ታሪክ የላቸውም። አንደኛው ሲቲኮሊን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነና 1,213 የጭንቅላት ጉዳተኞች በተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ከ90 ቀን በኋላ ምንም መድኃኒትነት ከሌለው እንክብል የተለየ ነገር አላመጣም። ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ መነጽር ቢውል ይሻላል።

የሚሠራው ሌላ ነው፤ አንድን የተወሰነ ተግባር ማስተማርና ቤቱን፣ ቀኑን፣ ሰዉን በሽተኛው በሚችለው ልክ ማደራጀት። አገራችን ውስጥ ለእግርና ለእጅ ፊዚዮቴራፒ ይገኛል፤ የዕለት ኑሮን መልሶ የሚያስተምር የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው የሚወድቀው አስታማሚው ላይ ነው።

መጀመሪያ የተጎዳውን ነገር መለየት ያስፈልጋል፤ «ጭንቅላቱ ተነክቷል» ማለት ምንም አይነግረንም። ምክንያቱም ብዙ ነው። ሳይታወቅ የኖረ የደም ግፊት ያመጣው ስትሮክ፣ የባጃጅና የሞተር አደጋ፣ ማጅራት ገትር፣ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ አሉ። ወባው ድሬዳዋ ላይ የቆላ ገጠር በሽታ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋን የመታው ወረርሽኝ፣ የቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ከምትራባው አኖፌሊስ ስቴፈንሲ ከተባለች ትንኝ ጋር የተያያዘ ነበር። ወባው ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ከዳኑ የኡጋንዳ ሕፃናት መካከል ከሁለት ዓመት በኋላም ከአራቱ አንዱ ገደማ የማሰብ ችሎታ ችግር ታይቶበታል። ትምህርት ቤት «ሰነፍ» የሚባል ልጅ አንዳንዴ ታሪኩ እዚያ ይጀምራል።

መለካት የባለሙያ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ተለክቶ ይበቃል፣ እንደ ጠያቂዎቹ በየቀኑ አይፈተንም። ከ30 የሚታረመው ሞካ የተባለው የታወቀ ፈተና ሳጥን መሳልና የሰዓት ፊት መሳል ያዛል፤ እርሳስ ይዛ የማታውቅ የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ጭንቅላቷ ሳይነካም ትወድቅበታለች። ለእሷ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ ማስቆጠር ወይም «መቶ ብር ሰጥቼሽ የሠላሳ አምስት ብር ዕቃ ወሰድኩ፣ መልሴ ስንት ነው?» ማለት የበለጠ ይናገራል። ፊደል የቆጠረ ሰው ወራቱን ከጳጉሜ ወደ መስከረም ይመልስ። ቋንቋውም መታሰብ አለበት። በኦሮምኛ ያደገ፣ በሶማልኛ የሚነግድ፣ በአማርኛ የሚታከም ሰው በሦስቱም እኩል ላያገግም ይችላል፤ በአማርኛ ብቻ ተጠይቆ ዝም ቢል «አእምሮው ሄዷል» ብሎ መፍረድ ስህተት ነው። ቃል የጠፋበትና ማስታወስ የጠፋበትም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ቁልፉን አምጣ» ሲሉት ቁልፍ የሚለው ቃል አይገባው ወይም አይወጣለት ይሆናል፤ የት እንዳስቀመጠው ግን ያውቃል።

ከልምምዱ በፊት በቀላሉ የሚስተካከለው ይስተካከል። መነጽሩ አደጋው ቦታ ቀርቷል? ጆሮው ይሰማል? የደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅልፍ እጦት አለ? ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶው ያህል ድብርት ይይዛቸዋል፤ ድብርት ደግሞ ከውጭ ሲያዩት መርሳት ይመስላል፣ ሲታከም ግን አብሮ የሚለቀው ነገር ብዙ ነው። መድኃኒቶቹም ይታዩ። ለሚጥል በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ያፈዛል፣ ያዘገያል። ለድብርትና ለሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕትሊንና ለጉንፋን የሚሸጡ እንቅልፍ የሚያመጡ ክኒኖች ማስታወስን ያደበዝዛሉ። ይህን አንብቦ ፌኖባርቢታልን በራስ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው፤ በድንገት ሲቆም ተከታታይ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። ጥያቄው ለሐኪሙ ይቅረብ፤ «በሌላ ይቀየርለት ይሆን?»

ስለ ጫት ሳይነሳ ድሬ ላይ ስለ ጭንቅላት ማውራት አይቻልም። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ቀን የተማሩት ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚሰክነው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ ጠዋት የተለማመደውን በምርቃና ያደረ ሰው ነገ እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ምርቃናን ለማብረድ የሚጠጣው ጨብሲ ይብሳል፤ አልኮልና ፌኖባርቢታል ተደርበው ትንፋሽ እስከማዳከም ይደርሳሉ። ሌላም ያልታሰበ ነገር አለ። በርጫ ስምንት ሰው በአንዴ የሚያወራበት ቤት ነው፤ ትኩረቱ ለተጎዳ ሰው ከዚያ የከበደ ክፍል የለም። ጓደኝነቱ ይቀጥል ከተባለ አንድ ወይም ሁለት ጓደኛ ቤት ድረስ መጥቶ ሻይ ይጠጣ። ስትሮክ የመታው ሰው ግፊቱ ሳይያዝ ይቃም የሚል ምክር ከእኛ አይጠበቅ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ። አንድ ነገር ይመረጥ፣ አንድ ብቻ፤ ሲጠፋ በየቀኑ ችግር የሚፈጥር ነገር ይሁን። ለምሳሌ ሰውየው ሚዛኑን ስቶ እየወደቀ ምርኩዙን ሳይዝ ይነሳል እንበል። አስታማሚው መልሱን ቀድሞ ይነግረዋል፤ «ከመነሳትህ በፊት ምርኩዝህን ትይዛለህ»። ወዲያው ይጠይቀዋል፤ «ከመነሳትህ በፊት ምን ታደርጋለህ?» እሱም «ምርኩዜን እይዛለሁ» ብሎ ይይዘዋል፤ መናገር ብቻውን አይበቃም፣ እጁ ምርኩዙን መንካት አለበት። ከዚያ 30 ሰከንድ ስለ ሌላ ነገር ያወሩና እንደገና ይጠይቀዋል። ከተመለሰ 1 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ደቂቃ እያለ ክፍተቱ በእጥፍ ይሰፋል። ካልመለሰ «አስብ እንጂ!» አይባልም። መልሱ ወዲያው ይነገረዋል፣ ይደግመዋል፣ ክፍተቱም በመጨረሻ ወደተሳካለት ይመለሳል። 4 ላይ ከሳተ ወደ 2 ማለት ነው። ነገ የሚጀመረው ዛሬ ከተሳካው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ረዥም ሲሆን መሀሉ ላይ ሌላ የቤት ሥራ መሥራት ይቻላል። የጥያቄው ቃላት በፍጹም አይለወጡ፤ ሚስት «ስትነሳ ምን ትይዛለህ?»፣ ልጅ «ምን ረሳህ?» ካሉት ሦስት የተለያየ ትምህርት ሆነበት። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ በዘዴው ያስተምራል፣ ሌላው ማታ መጥቶ «እስቲ ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ ይፈትናል።

ቅደም ተከተል ያለው ሥራ ሌላ አያያዝ ይፈልጋል፤ ሻይ ማፍላትን እንውሰድ። የግንባሩ የአንጎል ክፍል የተጎዳ ሰው እያንዳንዱን እርምጃ ያውቃል፤ ግን ስኳሩን ሁለቴ ይጨምራል፣ ወይም ሻይ ቅጠሉን ይረሳል፣ ወይም ቀድቶ ሲጨርስ ምድጃው እንደበራ ትቶ ይወጣል። ከመጀመሩ በፊት ማንቆርቆሪያው፣ ሻይ ቅጠሉ፣ ስኳሩ፣ ማጥለያው፣ ብርጭቆው በሚፈለጉበት ተራ ጠረጴዛው ላይ ይደርደሩ፤ ሌላ ዕቃ ከፊቱ ይነሳ። የተሠራበት ዕቃ ሁሉ ወደ ትሪ ይሻገር። ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ስኳር ተጨምሯል ማለት ነው፤ ማስታወስ የነበረበትን ዓይኑ ያይለታል። ምድጃው የመጨረሻው እርምጃ መሆኑ ነው አደጋው፤ ሻዩ ከተቀዳ በኋላ ጭንቅላቱ «አለቀ» ይላል። ስለዚህ ተራው ይቀየር፤ መጀመሪያ ምድጃው ይጥፋ፣ ከዚያ ይቀዳ። ማስተማሩ ከኋላ ወደ ፊት ቢሆን ይመረጣል። አስታማሚዋ ሁሉንም ሠርታ ማጥፋቱንና መቅዳቱን ብቻ ለእሱ ትተውለት። ያ ሲለምድ ስኳሩን፣ ከዚያ ሻይ ቅጠሉን ትልቀቅለት። ሁልጊዜ የሚያበቃው በሠራው ሻይ ስለሆነ ሥራው የእሱ ይሆናል። ሁሉን ነገር እየሠሩለት «እረፍ፣ አንተ ቁጭ በል» ማለት ደግነት ቢመስልም በሦስት ወር ውስጥ የሚችለውን ያስረሳዋል። ዝም ብሎ ቁጭ ያለውንም «ሰነፈ» ብለው አይፍረዱበት፤ መጀመር የሚባለው ችሎታ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ አንዴ ማንቆርቆሪያውን እጁ ላይ ሲያስይዙት ግን ሳያቆም ይጨርሳል።

የቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግራውን ይዘነጋል። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ጭንቅላቱ ነው ግራ የሚባል ነገር መኖሩን የተወው። ምልክቱ ከትሪው ላይ ይነበባል። እንጀራው በቀኝ በኩል ተጠርጎ ይበላል፣ በግራ ያለው ወጥ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ እሱም «አልጠገብኩም» ይላል። ቤተሰቡ የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ ብሎ ይጨነቃል፣ ወይም ትሪውን ያዞርለትና እንደገና ይበላል። ማዞሩ ያጠግበዋል፤ ግን አያስተምረውም። የትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቀይ ጨርቅ ወይም ፕላስተር ይለጠፍ፤ ከመብላቱ በፊትና በየጥቂት ጉርሻው «ቀዩን ፈልግ» ይባል፣ ጣቱ ቀዩን እስኪነካ። ለሚያነብ ሰው ያው ቀይ መስመር በገጹ ግራ ዳር ይሰመር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግራው መጥቶ የሚያናግረውን ላይሰማ ስለሚችል ከቀኙ ይጀመርና ቀስ እየተባለ ወደ መሀል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይኬድ። መንገድ ብቻውን አይሻገር። አገራችን የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ ከእግረኛ መንገድ ሲወርድ መጀመሪያ የሚደርስበት ባጃጅ ከግራው ነው የሚመጣው፤ ከተዘነጋው ጎን። ባጃጅ ነጂ ከሆነማ መሪ መያዝ የሚታሰብ አይደለም። የሚጥል ሕመም ለተነሳበትም እንዲሁ፣ ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ።

ስለ ማስታወሻ ደብተር ሰምቶ የማያውቅ አስታማሚ የለም፤ በደንብ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ሦስት ቦታ ሦስት ወረቀት ካለ ደብተር የለም ማለት ነው። አንድ ይሁን፣ ኪስ የሚገባ ወይም በገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል። አራት ክፍል ይበቃዋል፤ ዛሬ የሚሠራ፣ የተሠራ፣ መድኃኒት፣ ሰዎችና ስልካቸው። መጻፍ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ደብተሩን ገልጦ የማየት ልማድ ነው የሚከብደው። ለእሱ ከተማዋ ራሷ ትረዳናለች። የዙህር፣ የዐስርና የመግሪብ አዛን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ይሰማል፤ አዛን በተሰማ ቁጥር ደብተሩ ይገለጥ፣ በ30 ሰከንዱ ክፍተት ዘዴ ይለማመደው። የረመዳን ጿሚ ከሆነ የመድኃኒቱ ሰዓት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይስተካከል፤ ሱሑር ላይ የተረሳ የሚጥል በሽታ ክኒን ቀኑን ሙሉ ሳይካካስ ይውላል።

የስልክ ማንቂያም ያው ነው። ዝም ብሎ የሚጮህ ስልክ በሽተኛው አጥፍቶት «ምን ነበር?» ይላል። ድምፅ የተቀዳበት ይሁን፤ «አባ፣ ነጩን ክኒን ከጠረጴዛው ላይ ውሰድ»። መልእክት ይዞ የሚደርስ ማስታወሻ እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ2001 ካምብሪጅ ላይ በፔጀር ተፈትኗል፤ ከተሳተፉት 143 ሰዎች መካከል ጥናቱን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ሥራቸውን በማከናወን ተሻሽለዋል። እስካሁን ካሉት ማስረጃዎች ጠንካራው ይህ ይመስለናል፤ ወጪውም እጅ ላይ ያለው ስልክ ብቻ ነው። በዚያው ስልክ ያለው ቴሌብር ግን ቀሪ ሒሳቡ ትንሽ ይሁን፤ የምስጢር ቁጥሩን ለማንም የሚናገርበት ወቅት ሊኖር ይችላል።

ሰዓቱም ይመረጥ። ድሬ በቀትር ሱቋን የምትዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ለድካምም ለሙቀትም ከጤነኛው ቀድሞ ይሸነፋል። ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 20 ደቂቃ ሥራ፣ 10 ደቂቃ ዕረፍት፤ በአንድ ጠዋት ሁለት ሦስት ዙር ይበቃል። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ። ጠያቂ በአንዴ ከሁለት አይብለጥ፣ ከሩብ ሰዓት በላይም አይቀመጥ፤ ይህን በር ላይ ቆሞ በትህትና የሚናገር ሰው መመደብ የማገገሚያው አካል ነው። አያስቀይምም? ያስቀይማል፤ ቡና ውጪ ቢጠጡ ቅያሜው ይበርድላቸዋል።

ችግር እንዳለበት የማያውቅ በሽተኛ አለ፤ እውነት አያውቅም፣ እልህ አይደለም። «ትረሳለህ» እያሉ መከራከር ጠብ ያመጣል። ገበያ ከመሄዱ በፊት ራሱ ይገምት፤ «ከአምስቱ ዕቃ ስንቱን ይዘህ የምትመለስ ይመስልሃል?» አምስት ብሎ ሁለት ይዞ ሲመለስ ደብተሩ ላይ ይጻፍና ያለ ነቀፋ አብረው ይዩት። ከሳምንታት በኋላ «ልጻፈው መሰለኝ» የሚለው እሱ ይሆናል። ይህኛው ግምት ከላይ ከከለከልነው አይጋጭም፤ እዚያ የሚገመተው መልሱ ነበር፣ እዚህ የሚገመተው የራስ አቅም ነው።

መሻሻሉ ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ነው፤ ከዚያም አዝግሞ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ወደ ኋላ መመለስ ግን የጉዳቱ ጠባይ አይደለም። ተሽሎት የነበረ ሰው ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አዲስ ድክመት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣበት ልምምዱ ይቁምና ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ፤ በተለይ ሽማግሌ ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ከሆነ ከራስ ቅሉ ሥር ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ማገገሚያ የጤና ሥርዓት አካል እንዲሆን ውሳኔ አሳልፏል። ለምሥራቁ የመጀመሪያው እርምጃ ሕንፃ አይጠይቅም። በሽተኛው ከዋርድ ሲወጣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ለአስታማሚው ይሰጥ፣ ነርሷ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ የ30 ሰከንዱን ልምምድ አንዴ ፊቱ ላይ ያሳየው። ከዚያ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ቀጠሮ ይኑር። መርሳቱ አልጋ ላይ ሳለ አይታይም፤ ሱቁን ሲከፍትና መልስ ሲሰጥ ነው የሚገለጠው። በቀጠሮውም ላይ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ተብሎ ብቻ አይታለፍ፤ አስታማሚው ለብቻው ይጠየቅ፤ መድኃኒት ስንቴ ተረሳ፣ ምድጃ ስንቴ በርቶ ተገኘ፣ ከቤት ወጥቶ መመለሻው የጠፋበት ቀን ነበር?